«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት ነውን?
ስለ መጠጥ ውሃ የላቦራቶሪ ምርመራ ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

፩

የሙያ ቃላት ዝርዝር በሚዘጋጅበት ጊዜ የተለመደው አሠራር የባዕዱን ቃል በአንድ ዐምድ፣ የአማርኛውን አቻ በሌላ ዐምድ አስቀምጦ ሁለቱን ጎን ለጎን በማየት መፍረድ ነው። አቻው አጭር ከሆነ፣ ጆሮ ካልጎረበጠና ሥሩ ከታወቀ ያልፋል። ይህ አሠራር በርካታ ጠቃሚ ቃላት አስገኝቶልናል። ጉድለቱ ግን ቃሉን ከሚሠራበት ዐረፍተ ነገር ነጥሎ መመዘኑ ነው። በዝርዝር ውስጥ ነውር ያልተገኘበት ስያሜ በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ፣ ይልቁንም ዐረፍተ ነገሩ አሉታዊ ሲሆን፣ ሰያሚው ያላሰበውን ነገር ሊናገር ይችላል።

ይህንን ጉድለት ለማሳየት አንድ ጠባብ የሙያ መስክ እንመርጣለን። ይኸውም ክሎሪን በገባበት የመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚፈጠሩ ኬሚካሎች በላቦራቶሪ የሚመረመሩበት ዘዴ ነው። መስኩ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። የላቦራቶሪው ባለሙያ ሥራውን በእንግሊዝኛ ሊሠራ ይችላል፤ የሥራው ውጤት ግን ለቀበሌና ለወረዳ ኃላፊዎች፣ ለጋዜጠኛውና ውሃውን ለሚጠጣው ሕዝብ በአማርኛ ይነገራል። በዚያች የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ግሥ ከቦታው ቢዛነፍ የሚዛነፈው ሰዋስው ብቻ አይደለም።

በልማድ ከሚሠራባቸው ቃላት የተዋቀረ አንድ የማሳያ ዐረፍተ ነገር እነሆ፦

«ናሙናው ተጣርቶ የክሎሪን ተረፈ ምርቶች ተለይተው መጠናቸው ተወስኗል፤ ክሎሮፎርም አልተገኘም።»

አማርኛው ንጹሕ ነው። አንባቢ ሳይደናቀፍ ያነበዋል፤ እንዲያውም ለምሳሌነት የሚጠቀስ ትርጉም ሊመስለው ይችላል። ሆኖም በውስጡ ያሉት አምስት ቃላት፣ ማለትም «ተጣርቶ»፣ «ተረፈ ምርቶች»፣ «ተለይተው»፣ «ተወስኗል» እና «አልተገኘም»፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ በላይ ነገር ይናገራሉ። ከዚህ ቀጥሎ አንድ በአንድ እንመለከታቸዋለን። አስቀድሞ ግን ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል፤ ነገሩን ሳያውቁ ስሙን መተቸት አይቻልምና።

፪

ክሎሪን ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ በከተሞች የመጠጥ ውሃ ውስጥ ሲጨመር ኖሯል። ከኮሌራና ከታይፎይድ የታደገውም የሕዝብ ቁጥር እጅግ ብዙ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ግን በሆላንድ አገር በሮተርዳም የውሃ አገልግሎት ይሠራ የነበረው ኬሚስት ዮሃነስ ሩክ አንድ ያልተጠበቀ ነገር አስታወቀ። በጥሬው የወንዝ ውሃ ውስጥ ያልነበሩት ክሎሮፎርምና የቅርብ ዘመዶቹ ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ ይፈጠራሉ። ምንጫቸውም ክሎሪኑ ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር ታጥበው ውሃውን ከሚያቀልሙት የተፈጥሮ ቁሶች ጋር የሚያደርገው አጸግብሮት ነው። በዚያው ዓመት በዩናይትድ ስቴትስ ቤላር፣ ሊክተንበርግና ክሮነር የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ውጤት አሳተሙ። በ1976 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ክሎሮፎርም በቤተ ሙከራ አይጦች ላይ ካንሰር ማስከተሉን አስታወቀ። በ1979 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ትራይሃሎሜቴን ለሚባሉት አራት ውሁዶች ድምር በሊትር 100 ማይክሮግራም የሆነ ጣሪያ አበጀ። በ1998 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ወደ 80 ዝቅ አድርጎ፣ ሃሎአሴቲክ አሲድ ለሚባሉት አምስት ውሁዶች ድምር ደግሞ 60 ማይክሮግራም ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ የውሃ ማከሚያዎች ሳቢያ የሚፈጠሩና የታወቁ ውሁዶች ቁጥር ከ600 አልፏል።

ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። አዲስ አበባ ከአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ሌላ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የገጸ ምድር ውሃ ትጠጣለች። የገጸ ምድር ውሃ ደግሞ ከከርሰ ምድር ውሃ ይልቅ እነዚያን የተፈጥሮ ቁሶች ይዞ መምጣቱ የታወቀ ነው። ስለዚህ ስለ እነዚህ ውሁዶች በአማርኛ መጻፍ ግድ ነው፤ ጥያቄው በምን ቃል የሚለው ነው።

፫

ከመጀመሪያው ቃል እንጀምር፤ «ተጣርቶ»። ማጣራት በአማርኛ ሦስት ሥራ ይሠራል። ጠላ በማጥለያ ይጣራል፤ የተካደ ገንዘብ ጉዳይ በኮሚቴ ይጣራል፤ የከተማ ውሃ በማጣሪያ ጣቢያ ይጣራል። ሦስተኛው አጠራር ከአንደኛው የተወረሰ ነው፤ ማጣሪያ ጣቢያው ግን ማጥለል ብቻ ሳይሆን ማርጋት፣ ማዝቀጥና ክሎሪን መጨመርም የሚከናወንበት ነው። «የተጣራ ውሃ» የሚለው ሐረግ ከውሃው አንድ ነገር የተቀነሰ እንጂ በውሃው ላይ አንድ ነገር የተጨመረ አያስመስልም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የሆኑት ውሁዶች ግን የሚወለዱት ከሚጨመረው ነው።

በላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ ቃሉ ይበልጥ ያሳስታል። የናሙናው አወሳሰድ ጥብቅ ሥርዐት አለው። ክሎሮፎርም በቀላሉ ወደ አየር የሚተን በመሆኑ ጠርሙሱ የአየር አረፋ እንኳ ሳይቀርበት ጢም ብሎ ይሞላና ይከደናል። በውሃው ውስጥ ያለው ክሎሪንም ሥራውን እንዳይቀጥል ይደረጋል፤ አለበለዚያ ጠርሙሱ ከቧንቧው እስከ ላቦራቶሪው በሚጓዝበት ጊዜ ውስጥ አዳዲስ ውሁድ እየተፈጠረ፣ የሚለካው ሰውዬው የጠጣው ውሃ ሳይሆን በመንገድ የተለወጠው ይሆናል። ለዚህም እንደ ዘዴው አስኮርቢክ አሲድ፣ ማለትም ቪታሚን ሲ፣ ወይም አሞኒየም ክሎራይድ አስቀድሞ በጠርሙሱ ውስጥ ይደረጋል። ከዚያም ከውሃ ጋር በማይቀላቀል አሟሚ አማካይነት ውሁዶቹ ከውሃው ወደ አሟሚው እንዲሻገሩ ይደረጋል። ይህ ማጣራት አይደለም፤ ማውጣት ነው። «ተጣርቶ» የሚለውን ቃል አምኖ ናሙናውን በወንፊት ወረቀት ያሳለፈ ጀማሪ ክሎሮፎርሙን ለአየር ይሰጠዋል፤ ውጤቱም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

ጠርሙሱን በተመለከተ ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ናሙናው ሲወሰድ ከውሃው በላይ አየር እንዲኖር አይፈቀድም። ሩክ በተጠቀመበት ዓይነት ዘዴ ግን በላቦራቶሪው ውስጥ ሆን ተብሎ ከውሃው በላይ የአየር ክፍተት ይተዋል፤ የሚመረመረውም በዚያ ክፍተት ውስጥ የተነነው ጋዝ ነው። ሁለቱን «ባዶ ቦታ» ብሎ በአንድ ስም የጠራ መመሪያ አንባቢውን አንድ ጊዜ የሚያስፈልገውን ነገር ሌላ ጊዜ እንዳይፈጽም፣ ወይም የተከለከለውን እንዲፈጽም ያደርገዋል። የመጀመሪያውን «የአየር አረፋ»፣ የሁለተኛውን «የተን ክፍል» ብሎ መለያየት ይበቃል።

፬

ሁለተኛው ቃል «ተረፈ ምርት» ነው። በእርሻና በኢንዱስትሪ ጽሑፎች ዘንድ በደንብ የተደላደለ ቃል ነው፤ ለገለባ፣ ለፉርሽካ፣ ለፋጉሎ፣ ለሞላሰስ ተስማሚነቱም አያጠራጥርም። ስንዴው ሲፈጭ ፉርሽካው የሚቀረው አስቀድሞ በስንዴው ውስጥ ስለነበረ ነው። ኑጉ ሲጨመቅ ፋጉሎው የሚቀረው እንዲሁ ነው። «ተረፈ» የሚለው ግሥ የሚያመለክተው ዋናው ተወስዶ ቀድሞ የነበረ ነገር መቆየቱን ነው።

ክሎሮፎርም ግን ከምንም የተረፈ አይደለም። በጥሬው ውሃ ውስጥ አልነበረም፤ በክሎሪኑም ውስጥ አልነበረም። የሁለቱ መገናኘት የወለደው ሦስተኛ ነገር ነው። የ1974ቱ ግኝት ቁም ነገርም ይኸው ነበር። «ተረፈ ምርት» የሚለው ስያሜ ግኝቱን ራሱን ይደመስሰዋል።

ጥፋቱ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የትክክለኛነት ጉዳይ ብቻ በሆነ ነበር። በዚያው ውሃ ውስጥ ግን በእርግጥ የሚተርፍ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ተሕዋስያኑን ከገደለ በኋላ በቧንቧው ውስጥ እየተጓዘ ከኋላ ለሚመጣ ብክለት ዘብ የሚቆመው ክሎሪን ነው። ይህ «ቀሪ ክሎሪን»፣ አንዳንዴም «የክሎሪን ተረፈ» ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት ውሃው ለተጠቃሚው በሚደርስበት ቦታ ቢያንስ በሊትር 0.2 ሚሊግራም እንዲኖር ይመክራል። የሚለካውም በቀላል ዘዴ ነው፤ አንድ ኬሚካል ሲጨመርበት ውሃው ሮዝ ቀለም ያወጣል፣ የቀለሙም ድምቀት ከመለኪያ ጋር ይነጻጸራል። ያ ሮዝ ቀለም ስለ ክሎሮፎርም የሚናገረው አንዳች ነገር የለም።

እንግዲህ «ቀሪው» የሚፈለግ፣ «ተረፉ» የማይፈለግ ሆኖ ሳለ ስማቸው ግን ከአንድ የፍቺ ቤተሰብ ተቀዳ ማለት ነው። «የክሎሪን ተረፈ ምርት ካንሰር ያስከትላል» የሚል ጽሑፍ ያነበበ የገጠር ውሃ ጣቢያ ሠራተኛ በመለኪያው ሮዝ ቀለም ቢያይ ምን ያደርጋል? ክሎሪኑን ቢቀንስ በአንባቢነቱ አልተሳሳተም፤ ያሳሳተው ስያሜው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን እነዚህን ውሁዶች ለመቀነስ ሲባል ተሕዋስያንን የመግደሉ ሥራ ከቶ እንዳይጓደል አጥብቆ ያሳስባል። በ2008 ዓ.ም. «አተት» በሚል ምሕጻር የታወቀው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት በአዲስ አበባ ጭምር በተዛመተበት ጊዜ ያየነው አደጋ በዓመታት የሚመጣ ሳይሆን በሰዓታት የሚገድል ነበር።

ስለሆነም «ተረፈ ምርት» ለገለባና ለፋጉሎ ይተው። በሕክምናው ቋንቋ «የጎንዮሽ ጉዳት» የሚለው አጠራር መድኃኒቱ ከታሰበለት ሥራ ሌላ የሚያመጣውን ውጤት ለመግለጽ ተለምዷል። ከዚያው ተበድሮ «የጎንዮሽ ውሁድ» ማለት ይቻላል። «ውሁድ» ከተዋሐደ የመጣ በመሆኑ የሁለት ነገር መገናኘትን ይናገራል፤ «ጎንዮሽ» ደግሞ ዋናው ሥራ፣ ማለትም ተሕዋስያንን መግደሉ፣ መልካምና አስፈላጊ መሆኑን ሳይክድ ተጓዳኙን ያመለክታል።

፭

ሦስተኛው ቃል «ተለይተው» ነው። ከአምስቱ ሁሉ ሥራ የበዛበት ይህ ነው። ለየ ማለት አንድን ነገር ከሌላው ነጠለ ማለት ነው፤ እረኛው ጥጃውን ከላሟ ይለያል። ለየ ማለት ማንነቱን ዐወቀ ማለትም ነው፤ እናት ልጇን በድምፁ ትለያለች። ለየ ማለት፣ በተለይ በቅርብ ጊዜ የትርጉም ጽሑፎች፣ መኖሩን ደረሰበት ማለትም ሆኗል፤ «በሽታውን ቀድሞ መለየት» እንደሚባለው።

በዚህ ምርመራ ውስጥ ሦስቱም ተግባሮች አሉ፤ ሦስቱም ግን የተለያዩ ናቸው፤ የሚፈጸሙትም በተለያየ መሣሪያ ነው። ከአሟሚው ጋር የወጡት ውሁዶች በጋዝ ክሮማቶግራፊ ረጅምና ቀጭን ቱቦ ውስጥ ሲያልፉ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ይወጣል። ይህ መነጠል ነው። ከቱቦው ጫፍ ኤሌክትሮን ቀላቢ የተባለው መሣሪያ ተቀምጧል። ጄምስ ላቭሎክ የተባለው እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የፈለሰፈው ሲሆን፣ ክሎሪንና ብሮሚን ያዘሉ ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን የመቅለብ ጠባያቸውን ተጠቅሞ ማለፋቸውን ያመለክታል። ይህ መድረስ ነው፤ መሣሪያውም በአማርኛ «ጠቋሚ» ቢባል ተገቢ ነው። «መርማሪ» ማለት ግን ከአቅሙ በላይ መሾም ይሆናል። ጠቋሚው የሚናገረው «እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው አንድ ነገር በዚህ ደቂቃ አለፈ» ብሎ ነው እንጂ የአላፊውን ስም አይጠራም። በዚያው ደቂቃ የሚያልፍ ሌላ ውሁድ ሊኖር ስለሚችል ጠባዩ በተለየ ሁለተኛ ቱቦ ተመሳክሮ፣ ወይም ሞለኪውሉን ሰባብሮ የስብርባሪዎቹን መጠነ ቁስ በሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ታይቶ ማንነቱ ይረጋገጣል። ማንነትን መለየት የሚባለው ይህ ነው።

ስለዚህ «ተለይተዋል» የሚል ዘገባ ከሦስቱ የትኛው ደረጃ ላይ እንደ ደረሰ አይታወቅም። የተነጠለ ሁሉ ማንነቱ አልታወቀም፤ የተጠቆመ ሁሉ አልተረጋገጠም። በፍርድ ቤት ጠቋሚና ምስክር አንድ እንዳልሆኑ ማንም ያውቃል፤ የላቦራቶሪው አማርኛም ይህን ያህል ጥንቃቄ ሊጎድለው አይገባም።

ስለ ክሮማቶግራፊ ራሱ አንድ ቃል ልጨምር። ሩሲያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሚኻኢል ጽቬት በ1906 እ.ኤ.አ. ስሙን ባወጣ ጊዜ የቅጠል ቀለሞችን እየነጠለ ነበርና «ቀለም» እና «ጽሕፈት» ከሚሉ የግሪክ ቃላት አዋቀረው። ዛሬ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ውስጥ አንድም ቀለም አይታይም። ስሙን ቃል በቃል «የቀለም ጽሕፈት» ብሎ መተርጎም ከመቶ ዓመት በፊት የነበረውን አጋጣሚ መተርጎም እንጂ ሥራውን መተርጎም አይሆንም። እዚህ ላይ የውሰት ቃሉን እንዳለ መያዝ ይሻላል።

በአንጻሩ ደግሞ ከራሳችን ሙያ ልንሰጠው የምንችለው ቃል አለ። ሃሎአሴቲክ አሲዶች እንደ ክሎሮፎርም በቀላሉ አይተኑም፤ ስለዚህ በጋዝ ክሮማቶግራፊ ለመመርመር አስቀድመው ከሜታኖል ጋር ተዋሕደው ወደሚተን ቅርጽ ይለወጣሉ። የሚለካው የተለወጠው ነው፤ የሚዘገበው ግን የመነሻው አሲድ ነው። ይህን የተለወጠ ቅርጽ «ተዋጽኦ» ማለት ይዳዳል፤ ይሁን እንጂ የወተት ተዋጽኦ ከወተቱ የወጣ እንደመሆኑ ውሁዱ ከውሃው በዚያው መልክ የወጣ ያስመስለዋል። የሰዋስው ሰዎች ከሥር ወይም ከግንድ የተመሠረተውን ቃል «ምሥርት» እንላለን፤ ሥሩ ሳይጠፋ ቅርጹ የተለወጠ ማለታችን ነው። ኬሚስቱ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው፤ ቢወስደው እናተርፋለን እንጂ አንከስርም።

፮

አራተኛው ቃል «ተወስኗል» ነው። በባዕድ ቋንቋ አንድ ቃል መለካትንም ቁርጥ ሐሳብ ማድረግንም ስለሚገልጽ ብቻ ተርጓሚዎቻችን «መጠኑ ተወሰነ» ብለዋል። በአማርኛ ግን ወሰነ ማለት ድንበር አበጀ፣ ፈረደ ማለት ነው። «የክሎሮፎርም መጠን በሊትር 80 ማይክሮግራም ሆኖ ተወስኗል» የሚለውን ያነበበ ሰው ሕግ የወጣ እንጂ ናሙና የተለካ አይመስለውም። በዚህ መስክ ደግሞ ሁለቱም ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀመጡ አደናጋሪነቱ የከፋ ነው። ላቦራቶሪው ይለካል፤ ሕግ አውጪው ይወስናል። ለመጀመሪያው «ተለካ»፣ ለሁለተኛው «ጣሪያ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ከመጠን ጋር የተያያዙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ጠቅላላ ትራይሃሎሜቴን» የሚለው ስያሜ ነው። ጠቅላላ የተባለው የአራት ውሁዶች፣ ማለትም የክሎሮፎርም፣ የብሮሞዳይክሎሮሜቴን፣ የዳይብሮሞክሎሮሜቴንና የብሮሞፎርም ድምር ነው። ከ600 በላይ የጎንዮሽ ውሁዶች መኖራቸውን ለማያውቅ አንባቢ «ጠቅላላው ከጣሪያው በታች ነው» ማለት ሁሉም ነገር ተመርምሮ አለቀ ማለት ይሆናል። «የአራቱ ትራይሃሎሜቴኖች ድምር» ቢባል አንድ ቃል ይረዝማል፤ ከእውነት ግን አይጎድልም።

ሁለተኛው የምሕጻረ ቃል ጉዳይ ነው። ሚሊግራምን «ሚ.ግ.»፣ ማይክሮግራምን «ማ.ግ.» ብለው የሚያሳጥሩ አሉ። በሳልስና በራብዕ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ቅጥል አቀማመጥ ብቻ ነው፤ በመጠን ግን አንድ ሺህ እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለክሎሮፎርም ያመለከተው መጠን በሊትር 300 ማይክሮግራም፣ ማለትም 0.3 ሚሊግራም ነው። ይህ በአንዲት ቅጥል ስሕተት 300 ሚሊግራም ሆኖ ቢታተም ስሕተቱን ከነገሩ አዋቂ በቀር የሚያስተውለው የለም። በፊደላችን ጠባይ የተነሣ ሁለቱ አሃዶች ምንጊዜም በሙሉ ሆሄ ቢጻፉ ይበጃል።

፯

የመጨረሻውና ዋናው «አልተገኘም» ነው። ተገኘ በአማርኛ የሁለት ዓለም ግሥ ነው። የጠፋ ዕቃ ተገኘ ስንል የፈላጊውን መሳካት እንናገራለን። በስብሰባው ላይ ተገኘ ስንል ግን ስለ ፈላጊ አናወራም፤ ሰውዬው ነበረ ማለታችን ነው። አሉታውም እንዲሁ ነው፤ «አቶ እገሌ አልተገኙም» ማለት ቀሩ ማለት እንጂ ፈልገን አጣናቸው ማለት አይደለም። ስለሆነም «በውሃው ውስጥ ክሎሮፎርም አልተገኘም» የሚለውን አማርኛ ተናጋሪ ሲያነብ የሚረዳው «ክሎሮፎርም የለም» ብሎ ነው። አንባቢው አልተሳሳተም፤ ቋንቋው የሚለው ይህንኑ ነው።

ላቦራቶሪው ግን እንዲህ ብሎ አያውቅም፤ ሊልም አይችልም። ማንኛውም የምርመራ ዘዴ ከዚያ በታች የማይደርስበት ልክ አለው። አሜሪካዊው ኬሚስት ሎይድ ከሪ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ሦስት ደረጃዎችን ለይቶ አሳይቷል። የመጀመሪያው በመሣሪያው ላይ የታየው ምልክት ከባዶው ናሙና ምልክት በእርግጥ ይበልጣል ብሎ ለመፍረድ የሚያበቃው ልክ ነው። ሁለተኛው ዘዴው ሳያመልጠው ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ነው። ሦስተኛው በሚያረካ ትክክለኛነት «ይህን ያህል ነው» ለማለት የሚቻልበት መጠን ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ላለ ውጤት «አለ» ማለት ይቻላል፤ «ይህን ያህል ነው» ማለት ግን አይቻልም። ከመጀመሪያው በታች ላለው ደግሞ «አለ» ለማለት ማስረጃ የለም፤ «የለም» ለማለትም ማስረጃ የለም።

ባዶ ናሙና የሚባለውም በከንቱ የሚደረግ አይደለም። ክሎሮፎርም በላቦራቶሪዎች ውስጥ ለሌላ ሥራም የሚያገለግል አሟሚ በመሆኑ ከክፍሉ አየር ወደ ናሙናው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ምንም እንደሌለበት የታወቀ ውሃ በዚያው ሂደት አብሮ ይመረመራል፤ የእርሱ ውጤት ካልታወቀ የሌላው ውጤት አይታመንም። «ባዶ» የሚለው ቃል እዚህ በደንብ ይሠራል፤ አይነካ።

ለ«አልተገኘም» ግን ምትክ ያስፈልገዋል፤ ምትኩም ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። አማርኛ «ደረሰበት» የሚል ግሥ አለው። ተሸሽጎ የነበረ ነገር በክትትል ሲታወቅ «ተደረሰበት» ይባላል። የዚህ ግሥ መልካም ጠባይ አሉታው በተፈላጊው ላይ ሳይሆን በፈላጊው ላይ ማረፉ ነው። «አልተደረሰበትም» ሲባል የሚታሰበው የደራሹ አቅም ነው፤ ነገሩ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ላቦራቶሪው ሊናገር የሚፈልገውም በትክክል ይህንኑ ነው። ከግሡም «የምርመራው ዝቅተኛ መድረሻ» የሚል ስያሜ ይወጣል፤ ለሦስተኛው ደረጃ ደግሞ «ዝቅተኛ የመለኪያ ልክ» ማለት ይቻላል። ሆኖም ስያሜው ብቻውን አይበቃም፤ «አልተደረሰበትም» ከሚለው አጠገብ መድረሻው ስንት እንደሆነ በቁጥር ካልተጻፈ ዐረፍተ ነገሩ ያልተሟላ ነው። ሁለት ላቦራቶሪዎች በአንድ ውሃ ላይ አንዱ «ተደርሶበታል»፣ ሌላው «አልተደረሰበትም» ቢሉ ሁለቱም እውነተኞች ሊሆኑ የሚችሉት የመድረሻቸው ልክ ስለሚለያይ ነው።

፰

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው፣ ባለሙያው በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ የውሰት ቃላቱን በሙሉ እንዳሉ በፊደላችን መጻፍ ይበቃል የሚል ነው። ለመሣሪያና ለኬሚካል ስም ይህ ትክክል ነው፤ ከላይም ክሮማቶግራፊን በዚሁ ምክንያት ትተነዋል። ነገር ግን ከአምስቱ ቃላት አራቱ ግሦች፣ አንዱም ግሥ ያዘለ ስም መሆኑ ይታይ። ግሥን መዋስ አይቻልም፤ ብንዋስም «አደረገ» ወይም «ተደረገ» የሚል ያስፈልገዋልና ውሳኔው ወደ አማርኛ ይመለሳል። በሳይንስ ጽሑፍ ትርጉም ውስጥ ስሞች ብዙ ትኩረት ሲያገኙ ግሦች የተዘነጉት ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ስለሚመስል ነው። ጥፋቱ የሚደርሰው ግን ከዚያው ወገን ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ አማርኛውን ያረዝመዋል፣ ሕዝቡም ዝርዝሩን አይፈልገውም የሚል ነው። ሕዝቡ ዝርዝሩን ላይፈልገው ይችላል፤ የሚፈልገው ውሃው ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለውን ነው። ይህንን ለመመለስ ግን «የለም» እና «አልደረስንበትም»፣ «ተለካ» እና «ተወሰነ»፣ «ቀሪ» እና «ጎንዮሽ» መለያየት አለባቸው። ርዝመቱን በተመለከተም የማሳያው ዐረፍተ ነገር ከተሻሻለ በኋላ የሚኖረውን መልክ ማየት ነው፦

«የናሙናው ክሎሪን ሥራው እንዲቆም ተደርጎ፣ የጎንዮሽ ውሁዶቹ በአሟሚ ወጥተው በጋዝ ክሮማቶግራፊ ተነጥለዋል፤ ማንነታቸው ተለይቶ መጠናቸው ተለክቷል። ክሎሮፎርም አልተደረሰበትም፤ የምርመራው ዝቅተኛ መድረሻ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ነው።»

ቁጥሩ ለምሳሌ ብቻ የተቀመጠ ነው። ዐረፍተ ነገሩ ከቀድሞው ከእጥፍ በላይ ሆኗል፤ ሆኖም በውስጡ አንድም እንግዳ ግሥ የለም። ወጣ፣ ተነጠለ፣ ተለየ፣ ተለካ፣ ተደረሰበት ሁሉም ከየቤቱ የሚነገሩ ናቸው። የጎደለው ቃል አልነበረም፤ የጎደለው ለያንዳንዱ ቃል የራሱን ሥራ መስጠት ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለስያሜ ኮሚቴዎች አንድ የአሠራር ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። አንድ ስያሜ ከመጽደቁ በፊት በዐምድ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ይፈተን፤ አንዱ አዎንታዊ፣ ሌላው አሉታዊ ይሁን። የሙያው ሰው አሉታዊውን አንብቦ «አዎን፣ እኔ ለማለት የፈለግሁት ይህንኑ ነው» ካለ ስያሜው ያልፋል። «ይህንንስ አላልሁም» ካለ ግን ቃሉ የቱንም ያህል ቢያምር ይመለስ። «ተገኘ» በአዎንታ ሲነገር ማንንም አላሳሳተም፤ ያሳሳተው «አልተገኘም» ሲባል ነው። በመጠጥ ውሃ ዘገባ ውስጥ ደግሞ ሕዝብ በጉጉት የሚጠብቀውና አምኖበት የሚጠጣው አሉታዊውን ዐረፍተ ነገር ነው።